ወደ እኛ የመጡ ሰዎች ከኑሯችን ምን ወደዱ?

ስደት የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ወዲያው ወደ አሳባችን የሚመጣው ከአገር የሚወጣ ሰው ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በመርካቶ አካባቢ ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ አሜሪካ ያልሸኘ ቤተ ሰብ ማግኘት ያስቸግራል። በክፍላችንም ቢሆን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለፈ በኋላ ምን ለማድረግ እንደሚያስብ የተጠየቀ ተማሪ «እሄዳለሁ» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ወዴትና ለምን እንደሚሄድ አስቦ የሚመልሰው ግን ጥቂቱ ነው። እኔ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የማቀርበው ጥናት ስለሚሄዱት ሳይሆን ስለ መጡት ነው። እኛ ትተነው ለመሄድ የምንቸኩለውን የዕለት ኑሮ ከባሕር ማዶ መጥቶ የሚኖርበት ሰው በምን ዓይን ያየዋል? ከዚሁ ኑሮ ውስጥስ የሚወደው ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

በአገራችን የሚኖሩት ስደተኞች ብዙ ዓይነት ናቸው። ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች፣ ደቡብ ሱዳናውያንና ሱዳናውያን አሉ። ኢትዮጵያ በጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች የተቀበለች አገር ናት፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሚኖሩት በየድንበሩ አጠገብ በተሠሩት መጠለያዎች ነው። ስለ ሁሉም ልጻፍ ብል መጽሔቱ ስለማይበቃኝ የመረጥሁት የመናውያንን ነው። ለሰፈራችን ከሁሉ የሚቀርቡት እነርሱ ናቸውና። ቋንቋቸውም ቢሆን ከአፋችን አይጠፋም፤ «ሱቅ» ስንል፣ «ሻሂ» ስንል፣ ሳንቲማችንን «ኪስ» ውስጥ ስንከት የምንናገረው ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ግን ከሱቁ አስቀድሞ ወደ አክሱም መሄድ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ ነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮቻቸው በመካ ሲጨነቁ ባዩ ጊዜ፣ በሐበሻ ምድር ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው ባሕሩን እንዲሻገሩ አደረጉ። ከተሻገሩትም ሰዎች መካከል ኋላ የነቢዩ ባለቤት የሆኑት ዑሙ ሰለማ ይገኙ ነበር። ስለዚያ ዘመን የተናገሩት ቃል በኢብን ሂሻም መጽሐፍ ተመዝግቦ ይገኛል። ፍሬ ነገሩም ሃይማኖታቸውን ያለ ሥጋት መያዛቸው፣ ማንም ሰው ጉዳት ያላደረሰባቸው መሆኑና የሚያስከፋቸውን ቃል አለመስማታቸው ነው። እኔን ያስደነቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ስለ ቤተ መንግሥቱ ውበት ወይም ስለ ምድሪቱ ልምላሜ ማውራት ይቻል ነበር፤ ከሁሉ የተመረጠው ግን በመንገድ ሲያልፉ የሚሰማ ክፉ ቃል አለመኖሩ ሆነ። ደግሞም ዑሙ ሰለማና ዑሙ ሐቢባ በሐበሻ ያዩትን ማርያ የሚባል ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ ያሉትን ሥዕሎች አንሥተው መነጋገራቸው በሐዲስ ተጽፏል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሌላ አገር፣ የሌላ ሃይማኖት ቤት ሥዕል ትዝ ማለቱ ያ አገር ለእነርሱ መሸሸጊያ ብቻ እንዳልነበረ ያሳየናል።

የዘመናችን የመናውያን አመጣጥ ግን ከንግድና ከባቡር ጋር የተያያዘ ነው። ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከዓደን ወይም ከሆዴይዳ ተነሥቶ እስከ መሀል አገር መዝለቅ የቀናት ጉዳይ ሆነ። አብዛኞቹ ብቻቸውን የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሸክም የተሸከመ ነበረ፤ ድንጋይ የጠረበ ነበረ፤ ጥቂት ገንዘብ በእጁ ያገኘው ደግሞ ሱቅ ከፈተ። ከሐድረመውት ከመጡት መካከል እንደ ባዛራ ያሉት ቤተ ሰቦች በትልልቅ ንግድ ስማቸው ታወቀ። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ ዋናውን ገበያ ከአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ «የአገሬው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ አዛወረው። መርካቶ የሚለው ስም የቀረልን ከዚያው ነው። አሳቡ ጥቁሩን ከነጩ ለመለየት ነበረ። ገበያው ግን የሠሪዎቹን አሳብ ሳይከተል የሁሉ መገናኛ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው፣ ጎህ ሲቀድ የአዛኑና የቅዳሴው ድምፅ ባንድነት ወደ ቤታችን ይገባል።

«ዐረብ ቤት» ይባል የነበረው ሱቅ ምን እንደሚመስል ወላጆቻችን ያውቁታል። በአዲስ አበባ ሽማግሌዎች አፍ እስከ ዛሬ ድረስ ማናቸውም የሰፈር ሱቅ፣ ባለቤቱ ጉራጌም ይሁን ስልጤ፣ ዐረብ ቤት ነው። ባለ ሱቁ የሚያድረው በዚያው በሱቁ ጓሮ ስለ ሆነ ጧት ከሁሉ በፊት ይከፍታል፤ ማታ ከሁሉ በኋላ ይዘጋል። ትልቁ ጥበቡ ግን ዕቃውን ለድኻ እጅ እንዲመች አድርጎ መከፋፈሉ ነበረ። ስኳሩና የሻሂ ቅጠሉ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ዘይቱ በጭልፋ፣ ላምባው በጠርሙስ፣ ሳሙናው በግማሽ፣ ሲጋራው ባንድ ፍሬ ይሸጣል። ኩንታል ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በዚህ ዓይነት ቤቱን ያኖራል። ገንዘብ ያጣም በዱቤ ይወስዳል። አንዲት የሰፈራችን እናት እንደ ነገሩኝ በልጅነታቸው ይላኩበት የነበረው ዐረብ የዱቤውን መዝገብ በራሱ ፊደል ይጽፍ ስለ ነበር ምን እንደ ተጻፈበት ማንም አያነብም፤ ይሁን እንጂ እናታቸው በሒሳብ ከእርሱ ጋር የተጣሉበት ቀን ትዝ አይላቸውም። በአንጻሩ እርሱም ያንን ሁሉ ዕቃ የሰጠው አድራሻቸውን ሳያውቅ፣ ዋስም ሳይጠራ ነው። እንግዲህ በሁለት ወገን የተጣለ እምነት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መቼም እንግዳ ሰው «አገራችንን ትወዳለህ ወይ?» ሲባል «አልወድም» አይልም። የተቀመጠው በሰው ቤት ነውና ምስጋናው ግማሹ ጨዋነት ነው፤ ይህንንም መቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ ያነጋገርኋቸውን ሰዎች የጠየቅሁት «ከዚህ አገር ወጥተው በነበረ ጊዜ ምን ናፈቀዎት?» ብዬ ነው። ናፍቆት ለጨዋነት ተብሎ የሚነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያነጋገሩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው ሐጂ እያለ ነው። አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው የወሎ ሴት ሲሆኑ የተወለዱት በአዲስ አበባ ነው። አብዮቱ ፈንድቶ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ንግዱም ሲቀዘቅዝ፣ ብዙ የመናውያን ቤታቸውን እየዘጉ ወደ አባቶቻቸው አገር ተመለሱ። ሐጂም በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ወደ ታዒዝ ሄዱ። በዚያም ያልጠበቁት ነገር ቆያቸው። እዚህ «ዐረቡ» ይባሉ የነበሩት ሰው እዚያ «ሐበሻው» ተባሉ። በየመን ከውጭ አገር እናት የተወለደ ሰው ሙወለድ ይባላል፤ ቃሉ ሲተረጎም የተወለደ ማለት ብቻ ቢሆንም አነጋገሩ ግን ሁልጊዜ ደግ አይደለም።

«ታዲያ ምን ናፈቀዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሣቁ። «ልጄ፣ ብነግርህ ትሥቅብኛለህ» አሉኝ። «የቆርቆሮ ጣሪያ ነው የናፈቀኝ። ታዒዝ ዝናብ አለ፤ የክረምቱ ዝናብ እንዲያውም ከዚህ የሚያንስ አይመስልም። ነገር ግን ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ጣሪያውም ሜዳ ነው። ዝናቡ ቢዘንብም ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ የለመድሁት ሐምሌ ሲገባ ቆርቆሮው ላይ ሲደበድብ፣ ከውስጥ እናቴ ቡና ስትቆላ፣ ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ዝናቡን ሲሰማ ነው።» ከዚህም በቀር የነገሩኝ ስለ ቁጥር ነው። ከአባታቸው ጋር ዐረብኛ እያወሩ፣ ሶላታቸውን በዐረብኛ እየሰገዱ፣ ገንዘብ ሲቆጥሩ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር። በታዒዝ ገበያ ውስጥ ሆነው «ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት» እያሉ ሲቆጥሩ አጠገባቸው ያለው ነጋዴ ቀና ብሎ አያቸውና እርሱም በአማርኛ «ከየት ሰፈር ነህ?» አላቸው። ሰውየው የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ሆኖ ተገኘ። «እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት ያሳየኝ እርሱ ነው» አሉኝ። የመናውያን ላሖሕ የሚሉት እንደ እንጀራ ዓይን ያለው ስስ ቂጣ አላቸው፤ ሐጂ ግን ወንድም ነው እንጂ ራሱ አይደለም ይላሉ።

ሦስተኛው መልሳቸው በጣም አሳሰበኝ። እዚያ በሄዱበት አገር የበደላቸው ሰው እንደሌለ፣ ዘመዶቻቸውም በደንብ እንደ ተቀበሏቸው ከተናገሩ በኋላ፣ «የጎደለኝ ሥራ ፈትቶ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ነው» አሉ። በሰፈራቸው ሳሉ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው አይጠፋም ነበር፤ አንዱ ለመግዛት ይመጣል፣ አንዱ ለዱቤ፣ አንዱ እንዲያው ለመቀመጥ። እኛ ይህን ጊዜ ማጥፋት እንለዋለን። አስተማሪዎቻችንም ይህንኑ ይነግሩናል፤ እኔም በበኩሌ ብዙ ጊዜ እንደሚጠፋ አልክድም። ነገር ግን አንድ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ የናፈቀው ይኸው ከሆነ ነገሩ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚህ ጥናት ስዘጋጅ መምህራችን የሙሐመድ ዐብዱልወሊን መጽሐፍ ታሪክ ነገሩን። ዐብዱልወሊ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት በአገራችን የተወለደ፣ ኋላም በየመን ስመ ጥር ደራሲ የሆነና በ1965 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ የሞተ ሰው ነው። ስሙ ሲተረጎም «እንግዳ ሆነው ይሞታሉ» የሚል አጭር ልብ ወለድ አለው። ባለ ታሪኩ በስድስት ኪሎ ትንሽ ሱቅ ያለው የመናዊ ነው። ይህ ሰው የሚያገኘውን ሳንቲም ሁሉ በመንደሩ ትልቅ ቤት ለማሠራት ይልካል፤ በአዲስ አበባ ግን ለራሱ ምንም አያደርግም፣ ከዚህች አገር የወለደውንም ልጅ ለመቀበል እንቢ ይላል። በመጨረሻም ያን ቤት ሳይኖርበት እዚሁ ይሞታል። ይህን ታሪክ ከሐጂ አባት ኑሮ ጋር አስተያየሁት። ሁለቱም ሱቅ ነበራቸው፤ ሁለቱም ወደ አገራቸው ገንዘብ ይልኩ ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ቀኑን ሁሉ ለመመለሻው የሚቆጥር፣ ሌላው ግን ቀኑን የሚኖርበት መሆኑ ነው። ስደተኛ የዕለት ኑሮን የሚወድደው መጀመሪያ ዕለቱን እንደ ራሱ ዕለት ሲቆጥረው ይመስለኛል። ይህ ዛሬ በሌላ አገር ላሉት ወገኖቻችንም የሚሠራ ነው፤ በየዓመቱ «የሚመጣው ዓመት እገባለሁ» እያሉ ዕቃቸውን ከሻንጣ ሳያወጡ የሚኖሩ እንዳሉ ከዘመዶቻችን ደብዳቤና ስልክ እናውቃለን።

አርመኖችን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ የእነርሱ ሰፈር አራዳ እንጂ መርካቶ ባይሆንም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ ከደረሰባቸው ዕልቂት ያመለጡ አርመኖች በየአገሩ ተበተኑ። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ አይተው 40ውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ጽፎለት የአገራችን የሕዝብ መዝሙር ሆኖ እስከ አብዮቱ ጊዜ ተዘመረ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በብሔራዊ ቴአትር ስንት ሙዚቀኞችን አስተማረ። አገር የሌለው ሰው የሌላውን አገር መዝሙር ደረሰ ማለት ነው። በአሁኑ ጊዜ በከተማችን የቀሩት አርመኖች በጣም ጥቂት ናቸው።

በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በየመን የነበረው ጦርነት ሲባባስ ሌላ የስደተኛ ትውልድ ደረሰ። እነዚህ እንደ ቀድሞዎቹ ሱቅ ፍለጋ የመጡ ብቸኛ ወጣቶች አይደሉም፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ የተማሩ ሰዎች፣ ሽማግሌዎችም አሉባቸው። ከመካከላቸው አያቱ ወይም አክስቱ ኢትዮጵያዊት የሆነች፣ «እናቴ ትናገረው የነበረው አማርኛ ነው» የሚልም አለ። አንዳንዶቹ ምግብ ቤት ከፍተው መንዲና ፈጢራ ይሸጣሉ። ከእነርሱ አንዲት ሴት ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር በሰፈራችን ጓሮ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ሁለተኛዋ ልጅዋ እያስተረጎመችልኝ ለሁለት ቅዳሜ አነጋገርኋት።

ከሁሉ በፊት የነገረችኝ ስለ እንቅልፍ ነው። የአውሮፕላን ድምፅ ሳይሰሙ ማደር። ይህን በሁለት ቃል ተናግራ አለፈች፤ እኔም አልመረመርሁም። ብዙ ያወራችው ስለ ጎረቤቶቿ ነው። በመጣች በመጀመሪያው ወር የግቢው ባለቤት እማማ ቡና ጠሯት። ቡናው የትውልድ አገሯ ነገር ስለ ሆነ ደስ አላት፤ በየመን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠጣው ቂሽር የሚባለው የቡናው ገለባ ነው፤ አንድ ፍንጃልም ይበቃል። እዚህ አቦል ጠጥታ ልትነሣ ስትል አስቀመጧት፤ ቶናውን ጠጥታ ልትነሣ ስትል አስቀመጧት፤ በረካው እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ሞላት። ቀጥሎም ምሳ ቀረበና እማማ «በሞቴ ብዪልኝ» አሏት። ልጅዋ ቃሉን እንዳለ ብትተረጉምላት ሴትዮዋ በጠና የታመሙ መስሏት ደነገጠች። አሁን ግን ራሷ ሰው ቤቷ ሲመጣ «በሞቴ» ትላለች፤ ከምታውቀው አማርኛ ሁሉ አጥርታ የምትናገረው ይህን ነው።

ሥጋ የተመለከተውን ጉዳይ ደግሞ እኛ ልብ ብለነው አናውቅም። በአገራችን ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ይህን ከውጭ የሚያይ ሰው መለያየት ነው ሊል ይችላል። እርሷ ግን ያየችው ሌላ ነው። ለፋሲካ እማማ በጋቸውን ለራሳቸው ካሳረዱ በኋላ ለእርሷ ሲሉ ዶሮ ገዝተው፣ በእስላም ጎረቤት አሳርደው፣ በሌላ ድስት፣ በሌላ ጭልፋ ሠሩላት። «ያንን ሁሉ የደከሙት እንደ እርሳቸው እንድሆን አይደለም፤ እኔው ሆኜ እንድበላላቸው ነው» አለችኝ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ድግስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላ ኖሬ ትርጓሜውን የሰማሁት ከየመን ከመጣች ሴት ነው።

ኋላም አባቷ በሰንዓ እንደ ሞቱ በስልክ ተረዳች። በእድር አልገባችም ነበር፤ የእድር ሕግ ደግሞ ላልከፈለ አይሠራም። ሆኖም የሴቶቹ እድር ሳህንና ወንበር አወጣላት። ነጠላቸውን ለለቅሶ ያጣፉ ክርስቲያን ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ እየተፈራረቁ ለቅሶ ደረሷት፤ አንድም ቃል ሳይግባቡ አብረዋት ተቀመጡ። «ቀብሩ ላይ አልነበርሁም፤ መቃብሩንም አላየሁም፤ ግን ያልከፈልሁበት እድር አለቀሰልኝ» ብላ ስትናገር የምታስተረጉመው ልጅ አቋረጠችና እኛም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ወር ጀምሮ የእድሩን መዋጮ ትከፍላለች።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ኑሯቸው ማር ነው ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። የቤት ኪራይ ነገር ያስመርራቸዋል፤ ፊት አይቶ ዋጋ የሚጨምር አከራይና ነጋዴ አለና። ወረቀት ለማሳደስ የሚመላለሱበት ቀን ብዙ ነው። ባልየው በአገሩ አስተማሪ የነበረ ሲሆን እዚህ ዕቃ ያወርዳል፤ የሚያውቀውን ሳይሆን የሚችለውን ይሠራል ማለት ነው። ልጆቹም በትምህርት ቤት «ዐረቦቹ» ይባላሉ፤ ይህ ስድብ ባይሆንም ስማቸው አይደለም። ዑሙ ሰለማ ስላልሰሙት ቃል የተናገሩትን እዚህ ላይ ማስታወስ የሚገባን ይመስለኛል፤ ያ ምስክርነት ለአያቶቻችን የተሰጠ እንጂ ለእኛ ሳንሠራ የሚተላለፍ ርስት አይደለምና።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ለመሥራት፣ ለመማርና በባንክ ለመጠቀም እንዲችል፣ ልደትና ጋብቻውንም እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ከዚያ በፊት የወጣው የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ ኢትዮጵያዊ ለመሆን የሚያመለክት የውጭ አገር ሰው ከሚያሟላቸው ነገሮች መካከል ቢያንስ 4 ዓመት በአገሪቱ መኖርንና ከአገሪቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን ይጠይቃል። ይህ አነጋገር ደስ ያሰኘኛል፤ አማርኛ ብቻ አላለምና። ስልጥኛ ወይም ሐረሪ የሚናገር ሰው በዚያው ይበቃዋል። ሐጂ ይህን ስነግራቸው «እኔስ ሦስቱን እናገራለሁ፤ ሦስት ጊዜ ዜጋ ልሁን?» ብለው ቀለዱ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን የማይዋጥልኝ አንድ ነገር አለ። የመናውያኑ ከጦርነቱ ሸሽተው ወደ እኛ የተሻገሩበትን ባሕር፣ በዚያው ዓመታት ውስጥ የእኛ ልጆች ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ እየተነሡ ወደዚያው ወደ የመን ሲሻገሩበት ነበር፤ አሳባቸውም በዚያ አልፎ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ነው። ስንቱ በባሕር እንደ ቀረ ሁላችን ሰምተናል። ጉዳዩን ለዚያች ሴት ሳነሣላት አላወቀችም ነበርና በጣም ተገረመች፤ «የት ለመድረስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ ለማግኘት እንደ ሆነ ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና፣ ረኃብ እንደ አውሮፕላን ድምፅ እንቅልፍ እንደሚነሣ ታውቃለችና አትፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ከመሄዳቸው በፊት ሰው ቢያነጋግሯት ኖሮ የመንገዱን ነገር ትነግራቸው እንደ ነበር አለችኝ። ለክፍል ጓደኞቼ የማስተላልፈው ይህ ግብዣዋ ነው፤ ቤቷ ከቆርቆሮ ተራ በታች ነው፤ የሚፈልግ ካለ አብሬው እሄዳለሁ።

በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ሰላም ቢወርድ ትመለሱ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። እናትየው መመለሷን አልተጠራጠረችም፤ ቤቷን ማየት፣ የአባቷን መቃብር መጎብኘት ትፈልጋለች። ከዚያ ወዲያ ግን ምን እንደምታደርግ ስትናገር አሳቧ ይከፈላል፤ አንድ ጊዜ እዚያ እቀራለሁ ትላለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እማማን ይዛ ሄዳ ሰንዓን እንደምታሳያቸው ትናገራለች። ባልየው ምንም አልመለሰልኝም። ልጅቱ የሁለቱንም ተርጉማ ከጨረሰች በኋላ በራሷ በኩል የነገረችኝ በዚህ ዓመት የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እንዳለባት ነው፤ የቆየ የሒሳብ ደብተር እንዳለኝም ጠየቀችኝ። አለኝ፤ በማግስቱ ወስጄ ሰጠኋት።